ጎጆውን ማን ሠራላት?

እግሯ ላይ «ሲጄ7» የሚል ቀለበት ያላት አንዲት ኦስፕሬይ እ.ኤ.አ. በ2021 ጸደይ፣ በደቡብ እንግሊዝ ዶርሴት ውስጥ፣ ወንድ ሳይኖራት እንቁላል ጣለች። ኦስፕሬይ ከዓሣ ሌላ እምብዛም የማይበላ፣ ክንፉ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል የሚያልፍ አዳኝ አሞራ ነው። እንቁላሎቹ ዶሮ ያለ አውራ እንደምትጥላቸው ዓይነት ነበሩ፤ ጫጩት አይወጣቸውም። ጎጆው አጠገብ የተተከለ ካሜራ ውሎዋን በኢንተርኔት በቀጥታ ያሳይ ስለነበር ነገሩን ያየነው ብዙ ነን። ካየነውም ውስጥ አብዛኛው ከንፈሩን መጠጠ። «ምስኪን! ብቻዋን ቀረች።»

ይህ ከንፈር መምጠጥ አይዋጥልኝም።

የምሠራው ቦርንማውዝ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ከተማው ለፑል ወደብ ጎረቤት ስለሆነ የአሞራዋ ጎጆ ከእኛ ሳሎን በመኪና ሩቅ አይደለም። በዚያ ጸደይ በኮሮና ምክንያት ጠያቂ ዘመድ እንደ ልቡ አይገባም ነበር፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ከሥራ ባልደረቦቼ አንዱ ትልቁን ቴሌቪዥን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ጎጆውን ከፈተልን። ከዚያ ወዲህ ዜና ክፈቱልን የሚል ጠፋ። አዛውንቶቹ ቁርሳቸውን እየበሉ እሷን ያያሉ። እኔም የሌሊት ተረኛ ስሆን ከመውጣቴ በፊት ሻይ ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

የአሞራ ጎጆ ላይ ምን የሚታይ ነገር አለ ብትሉኝ፣ አብዛኛውን ሰዓት ምንም የለም። ነፋስ ይነፍሳል፤ የአንገቷ ላባ ይገለበጣል። አንድ ጭራሮ በአፏ አንሥታ ከግራ ወደ ቀኝ ታዛውራለች፤ አልጥም ብሏት መልሳ ወደ ግራ ትወስደዋለች። ዝናብ ሲመጣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትቀበለዋለች እንጂ ንቅንቅ አትልም። አንዳንዴ ብድግ ብላ ትሄድና ቴሌቪዥኑ ላይ የሚቀረው ባዶ የጭራሮ ክምር ነው። እሱንም ቁጭ ብለን እናየዋለን! ከዚያ ድንገት በክንፏ ጥላ ስክሪኑን አጨልማ ታርፋለች፤ በአንድ እግሯ ዓሣ ጨብጣለች፤ ቢጫ ዓይኗን ካሜራው ላይ ስትተክል ሳሎኑ ጸጥ ይላል።

ዓሣው የተያዘው ግን እኛ በማናይበት ነው። ኦስፕሬይ ከውሃው በላይ እያንዣበበች ትመርጥና ክንፏን ሰብስባ ትወረወራለች፤ ውሃው ጋ ልትደርስ ስትል እግሯን ከራሷ አስቀድማ ትሰዳለች። የምትገባው አንድ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ የጠለቀ ዓሣ አምልጧታል ማለት ነው። ውሃ ስትነካ አፍንጫዋ ይዘጋል። የእግሯ መዳፍ እሾሃማ ነው፤ ከጣቶቿም የውጪው ወደ ኋላ ስለሚዞር ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ ሆነው የሚያሙለጨልጨውን ገላ ይቆልፉታል። ይዛው ስትነሣ ጭንቅላቱን ወደ ፊት ታዞረዋለች፣ ነፋሱን እየሰነጠቀ እንዲሄድላት። ይህን ሁሉ የምታደርገው ያለ ማንም ረዳት ነው። ታዲያ ምስኪንነቷ የቱ ጋ ነው?

«ባሏን እየጠበቀች ነው» አሉ አንዲት እናት። ዕድሜያቸውን ሁሉ ፖስታ ሲያድሉ የኖሩ፣ ባላቸውን ከቀበሩ ብዙ ዓመት የሆናቸው ሴት ናቸው፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ መከራከር ይከብዳል። ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው አባባሉ መሠረት የሌለው አይደለም። ኤልኤስ7 የሚባል ወንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአፍሪካ ተመልሶ ፑል ወደብ ላይ ከሲጄ7 ጋር ተጣምሮ ነበር። በ2020 እሷ መጣች፤ እሱ አልመጣም። በ2021ም እንደዚያው። ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ ብሎ መበለት ያደርጋታል፤ ጥቁር ነጠላ ማልበስ ብቻ ነው የሚቀረው።

የኦስፕሬይ ኑሮ ግን እንደዚያ አይደለም። ወንድና ሴት የአውሮፓን የብርድ ወራት አብረው አያሳልፉም። ነሐሴና መስከረም ላይ እያንዳንዱ ለብቻው ይነሣል፤ የብሪታንያዎቹ አብዛኞቹ ሴኔጋል፣ ጋምቢያና ጊኒ ቢሳው አካባቢ ይወርዳሉ፤ እዚያ ስለ ትዳር ጓደኛው የሚጠይቅ የለም። በጸደይ ሁለቱም የሚመለሱት ወደ ጎጆው ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሌላው ካልመጣ፣ በመጣው ይተካዋል። የሚያስተሳስራቸው ከሁሉ በፊት ቦታው ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሎክ ኦፍ ዘ ሎውስ በሚባል ሐይቅ ዳር «እመቤት» እያሉ ይጠሯት የነበረች ሴት ኦስፕሬይ 24 ዓመት ሳታቋርጥ ወደ አንድ ጎጆ ተመላልሳ 71 እንቁላል ጥላለች፤ 50 ጫጩት ለበረራ አብቅታለች። ባሎቿ ግን ከአንድ በላይ ነበሩ። ራትላንድ በሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የአንዲት ሴት ወንድ ደብዛው ሲጠፋ ሌላ ወንድ መጥቶ ጎጆውን ያዘ፤ የቀድሞውንም እንቁላሎች ጠርጎ ጣላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ አብረው ጫጩት አሳደጉ። ይህን ለእኚያ እናት ስነግራቸው «አይ፣ ይሄስ ቅሌታም ነው» ብለው ሳቁ።

እርግጥ ብቻነቷ ምንም አያጎድልባትም ማለቴ አይደለም። ኦስፕሬይ ጫጩት የምታሳድገው በሥራ ክፍፍል ነው። እንቁላሉ 37 ቀን ያህል ይታቀፋል፤ አብዛኛውን የምትታቀፈው እሷ ናት። ከተፈለፈሉም በኋላ ሰባት ስምንት ሳምንት ክንፍ እስኪያወጡ ድረስ ዓሣ የሚያመላልሰው እሱ፣ ከቁራና ከዝናብ የምትከላከለው እሷ ናት። ሴቷ ብቻዋን ከሆነች ዓሣ ፍለጋ በሄደች ቁጥር እንቁላሉ ይቀዘቅዛል ወይም ይሰረቃል። ስለዚህ ብቻዋን ጫጩት ማውጣት አትችልም፤ መኖር ግን በደንብ ትችላለች። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የእኛ የሰዎች ልማድ ነው። በየሠርጉ «ያንቺስ መቼ ነው?» እየተባልኩ እዚህ ዕድሜ የደረስኩ ስለሆነ ልማዱን ከነሥሩ አውቀዋለሁ። ሲጄ7ን ግን ጠበቃዬ ላደርጋት አልፈልግም፤ እሷ ለእኔም ለአክስቶቼም ግድ የላትም።

ለእናቴ ያወራሁላት እሑድ በስልክ ነው። እናቴ ሐዋሳ ነው ያለችው።

«ባሏ ሞቶ ነው?» አለችኝ።

«አይታወቅም እማዬ። ከአፍሪካ አልተመለሰም።»

«ይሁና። ሌላ ይመጣል። ጎጆውን ግን ማን ሠራላት?»

ሳሎን ውስጥ ይህን ያክል ስናወራ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር። ካሜራው እንቁላሉን፣ ላባውን፣ ዓሣውን አቅርቦ ያሳያል፤ ከሥር ያለውን ግን አያሳይም። ጎጆውን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ መደብ ይገጠማል፤ በላዩ ጭራሮ ይደረደራል፤ ያገለገለ እንዲመስል ነጭ ቀለም እንደ ኩስ ይረጭበታል። ኦስፕሬይ ሌላ ኦስፕሬይ የኖረበት ቦታ ይማርካታልና ይህ ማታለል ይሠራል።

ባሉንም ያመጡት ሰዎች ናቸው። በርድስ ኦፍ ፑል ሃርበር የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሮይ ዴኒስ ተቋም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከስኮትላንድ ጎጆዎች ገና ያልበረሩ ጫጩቶች እየወሰደ ወደ ፑል ያመጣ ነበር። ሮይ ዴኒስ ዕድሜውን በዚህ ሥራ ያሳለፈ ስኮትላንድ የሚኖር የወፍ ባለሙያ ነው፤ ራትላንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 በተጀመረው ሥራም እጁ ነበረበት። ጫጩቶቹ በትልልቅ የሽቦ ቤት ውስጥ ሰው ሳያዩ ዓሣ እየቀረበላቸው ይቆዩና ይለቀቃሉ። ከዚያ እናት አባት መንገድ ሳያሳያቸው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ወደ አፍሪካ ይበራሉ። ከተረፉ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ይመለሳሉ። ወንዱ የሚመለሰው መጀመሪያ ወደ በረረበት አካባቢ ነው፤ ሴቷ ግን ከተወለደችበት ርቃ ጎጆ መያዝ ትወዳለች። ሥራው የቆመው በዚህ ጠባይ ላይ ነው፦ ወንዶቹ ፑልን አገራቸው አድርገው ይመለሳሉ፤ ሴት ደግሞ ከሌላ ቦታ ትመጣለች። ሲጄ7 ራሷ እ.ኤ.አ. በ2015 ራትላንድ የተፈለፈለች፣ ማንም ሳያመጣት በ2017 ፑል ላይ የተገኘች ናት። ኤልኤስ7 ግን ከስኮትላንድ ከመጡት ጫጩቶች አንዱ ነበር።

መጀመሪያውኑ ኦስፕሬይ ከዚያ አገር ለምን ጠፍቶ ነበር የሚለውንም ካሜራው አያሳይም። ያጠፋው ሰው ነው። በብሪታንያ የዓሣ ኩሬ ባለቤቶች ተኮሱበት፤ ሀብታሞች እንቁላሉን እየሰበሰቡ በመሳቢያ ውስጥ ደረደሩት። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ስኮትላንድ ውስጥ እንኳ የሚራባ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1954 አንድ ጥንድ ሎክ ጋርተን ሐይቅ ዳር ተመልሶ ጎጆ ሠራ። በ1958፣ ጠባቂ ተመድቦ ሳለ፣ አንድ ሌባ በሌሊት ዛፉ ላይ ወጥቶ እንቁላሉን ከጎጆው አወጣ፤ በቦታውም ቡናማ የተቀባ የዶሮ እንቁላል ተገኘ። እንዲህ ያለ ሰው የሚያስቅ ነው ወይስ የሚያስለቅስ?

ከዚያ በኋላ የብሪታንያ የወፍ ጥበቃ ማኅበር ሰው የነበረው ጆርጅ ዋተርስተን ያደረገው ነገር ነው ለዛሬው ካሜራ አባት የሆነው። ጎጆውን ይበልጥ በመደበቅ ፈንታ በ1959 ለሕዝብ ከፈተው። ርቆ የቆመ መመልከቻ ዳስ፣ መነጽር፣ ጠባቂ፤ በዚያ አንድ በጋ በሺህ የሚቆጠር ሰው መጣ። ብዙ ዓይን ያለበት ቦታ ለሌባ አይመችም። ብዙዎች «ካሜራ የአሞራዋን ሰላም መንሣት ነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ አልስማማም። ካሜራው ወፎቹ ከመምጣታቸው በፊት ከተገጠመ ለእሷ እንደ ቅርንጫፍ ነው። ለሌባው ግን ሺህ ምስክር ነው።

እናቴ ካነሣችው ጥያቄ የሚከተል ሌላም አለ። ችግር ሲመጣ «ተፈጥሮ የራሷን ታውቃለች፣ እጃችንን እንሰብስብ» የሚሉ አሉ። ሲያዩት ጨዋ አቋም ነው። ነገር ግን ጎጆውንም ሰው ሠራው፣ ወንዱንም ሰው አመጣው፣ ዘሩንም ሰው አጥፍቶት ነበር። እዚህ መካከል እጅ ያልገባበት ተፈጥሮ የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 ሰኔ ዌልስ ውስጥ ዳቪ በተባለው የኦስፕሬይ ጎጆ ላይ ከባድ ዝናብና ነፋስ ወረደ፤ ወንዱ ዓሣ ማምጣት አቃተው፤ ከሦስቱ ጫጩቶች ሁለቱ በካሜራ ፊት ሞቱ። ሦስተኛው ሊሞት ሲል የፕሮጀክቱ ሠራተኞች ጎጆው ላይ ወጥተው ዓሣ አጎረሱት። ትክክል አልሠሩም ብለው የተቹ ነበሩ፤ እኔ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። ጫጩቱ ኬይላን ተባለ፤ አደገ፤ ጀርባው ላይ አነስተኛ መከታተያ መሣሪያ ታሰረለትና በመከር ወደ አፍሪካ በረረ።

በዚያው ዓመት ሴኔጋል ውስጥ የዓሣ መረብ ውስጥ ተጠላልፎ ሞቶ ተገኘ።

እንግሊዞቹ ይህን ሲያወሩ ስለ ዝናቡ ሌሊት ረጅም ያወራሉ፤ ስለ መረቡ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፋሉ። ይገባኛል፤ ዝናቡን በካሜራ አይተውታል፤ መረቡን አላዩም። እኔ ግን ሐይቅ ዳር ያደግሁ ነኝና ዐይኔ የሚሄደው ወደ መረቡ ነው። ኤልኤስ7 የት ቀረ የሚለው መልስ የለውም። ኦስፕሬይ የዓመቱን ግማሽ የሚኖረው ካሜራ በሌለበት፣ እንደ ሐዋሳዎቹ ባሉ ዓሣ አጥማጆች መካከል ነው።

ለፑሉ ታሪክ መቋጫ ለምትፈልጉ፦ በ2021፣ ጊዜው ለመራባት ካለፈ በኋላ፣ ከስኮትላንድ ከመጡት ሌላ ወንድ፣ 022 የተባለው፣ ከሲጄ7 ጋር ተጣመረ። በ2022 ሁለት ጫጩት አወጡ፤ በደቡብ እንግሊዝ ጠረፍ 200 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያልታየ ነገር ነው። አንዱን መብረር እንደ ጀመረ ሌላ አዳኝ አሞራ ወሰደው። በ2023 ሦስት አሳደጉ። ሳሎናችን ውስጥ ጭብጨባ ነበር። ፖስታ ያድሉ የነበሩት እናት «አየሽ፣ ተዳረች» አሉኝ። ዝም አልኳቸው።

ወደ አገር ቤት ልምጣ። ኦስፕሬይ ኢትዮጵያም ይመጣል። የብሪታንያዎቹ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሲሄዱ ከእነሱ በስተምሥራቅ ከሚራቡት መካከል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚወርዱ አሉ፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና በጣና ላይ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ይታያሉ። እዚህ ጎጆ አይሠሩም፤ ዓሣ ይበላሉ፣ ያርፋሉ፣ ይሄዳሉ። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው አባ ኮዳዎችን ሳያይ አይመለስም፤ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻሙ ፎቶ ያነሣቸዋል። ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነውንና ጮኾ የሚያስተጋባውን የዓሣ ንስርም ያውቀዋል። ኦስፕሬይ ከሁለቱም ዝምተኛ ነው። ጀርባው ቡናማ፣ ሆዱ ነጭ፣ በዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለፈበት አሞራ ራቅ ያለ ደረቅ ግንድ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ካያችሁ እሱ ነው። ከመራቢያ ወቅት ውጪ ብቻውን መሆኑ ደንቡ ነው፤ አትዘኑለት።

ካሜራ እንትከል አልልም፤ ጎጆ በሌለበት ካሜራ ምን ያደርጋል። እኛ ዘንድ የሚያስፈልገው ርካሽ ነገር ነው። ቀጭኑ የናይለን መረብ ሲቀደድ አይጠገንም፤ እዚያው ውሃ ውስጥ ወይም ደንገል ሥር ይጣላል። አይበሰብስም። የጣለው ሰው ቤቱ ሄዶ ተኝቶ ሳለ መረቡ ቆሮሶውንም አምባዛውንም፣ ዓሣውን ብሎ የሚወርደውንም ወፍ መያዙን ይቀጥላል። ለዓሣ አጥማጁም ኪሳራ ነው፤ ማንም የማይበላው ዓሣ በየቀኑ ይሞታል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በሐዋሳ፣ በባቱ፣ በአርባ ምንጭና በባሕር ዳር ያላችሁ የዓሣ አጥማጆች ማኅበራት፣ አባል አዲስ መረብ ሲገዛ አሮጌውን አምጥቶ እንዲያስረክብ ደንብ አውጡ። የየክልሉ የዓሣ ሀብት ኃላፊዎችም ከውሃው የሚወጣውን ውራጅ መረብ የሚቀበል አንድ ቦታ በየጀልባ ማረፊያው አዘጋጁ። ለሽርሽር የምትሄዱ ደግሞ ዳር ላይ የተጣለ መረብ ስታገኙ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ሰብስባችሁ ከውሃው አርቁት።